ወጥ ቤት የገባ ጸሎት

ኤፍሬ ስልኩን መልሶ መስቀል ረሳ። ስልክ ሲባል የእጁ ስልክ አይደለም፤ ሳውዲ፣ ደማም ከተማ ውስጥ በሚሠራበት ቤት፣ በግቢው በር አጠገብ ባለችው የሾፌር ክፍል ግድግዳ ላይ የተለጠፈች፣ ነጭነቷ ወደ ቢጫ የሄደ ኢንተርኮም ናት፤ ሌላው ጫፏ ወጥ ቤት ነው። የቤቱ ሠራተኛ መሕቡባ በጠዋት ደውላ «ዳቦው ሳይበርድ ና ውሰድ» ስትለው «እሺ» አለና እጀታውን ፍራሹ ላይ ጣለው። ከዚያ ወዲያ ስለ ዳቦ አላሰበም። በሩን ቆለፈ፤ መስኮቱ ላይ የተሰካውን አሮጌ ኤሲ ጩኸቱ እንዲሸፍንለት እስከ መጨረሻው ለቀቀው፤ በፍራሹና በጋዝ ምድጃው መሀል በቀረችው ክንድ በማትሞላ ቦታ ላይ ተንበርክኮ መጸለይ ጀመረ። እንደ ኤፍሬ ያለ ጴንጤ ደግሞ ሲጨንቀው በሹክሹክታ መጸለይ አያውቅበትም። አራት ዓመት ሙሉ ትራሱን አፉ ላይ አድርጎ ሲጸልይ የኖረ ሰው፣ ያን ጠዋት ትራሱን ረሳው። ጮኸ፤ ወለሉን በመዳፉ መታ፤ የሰው ስም ጠራ።

መጨነቁ ያለ ነገር አልነበረም። ትናንት ከመግሪብ በፊት የካፊሉ፣ የአሠሪው፣ ታናሽ ወንድም ፋሩቅ ነጩን ጂምስ መኪና ይዞ ገብቶ ነበር፤ አንዱ የፊት መብራት ተሰባብሯል፣ ኮፈኑ ታጥፏል፣ መከላከያው ላይ ደግሞ የቀይ ጨርቅ ቅዳጅ ተሰክቷል። በሞተር ምግብ የሚያደርሱት ልጆች የሚለብሱት ዓይነት ጨርቅ ነው። ፋሩቅ ቁልፉን ወርውሮለት ወደ ላይ ሮጠ። ዛሬ ጠዋት ከፈጅር በኋላ ካፊሉ ራሱ የሾፌር ክፍል ድረስ መጣ፤ በአራት ዓመት ውስጥ እዚያ ደፍ ላይ ሲቆም ይሄ ሁለተኛው ነው። ዓይኑን ከእጅ ስልኩ ሳያነሳ፣ ዳቦ ግዛ እንደሚል ሰው በእርጋታ ነገረው። ሞተረኛው ባንግላዴሻዊ ነው፤ አልሞተም፤ እግሩና ዳሌው ተሰብሮ ሆስፒታል ነው። ካሜራ ታርጋውን ይዞታል። ትራፊክ ቢሮው፣ ሙሩር የሚሉት፣ መኪናውን ሲነዳ የነበረውን ሰው ዛሬ ከዙሁር በፊት ይዘህ ቅረብ ብሎታል።

«የነዳኸው አንተ ነህ። ትፈርማለህ። ኢንሹራንስ አለ፣ እኔ አለሁ፣ ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም።»

«ባባ፣ እኔ እኮ ትናንት ከግቢ አልወጣሁም...»

ካፊሉ ያኔ ነው ቀና ብሎ ያየው። «ካልፈረምክ ዐስር ሳይሰገድ ሁሩብ ነህ። ኸላስ።» ይህን ብሎ ሄደ።

ሁሩብ ማለት የጠፋ ማለት ነው። ካፊሉ ስልኩ ላይ አንድ ሁለት ቦታ ይነካል፤ በቃ፣ ፊቱ ቆሞ ያለው ሰው ጠፍቷል። ኢቃማው፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ይሞታል፣ የባንክ ካርዱ ይሞታል፣ መንገድ ላይ ያስቆመው ፖሊስ ማሽኑን አይቶ እጁን ይይዘዋል። ቃሊ የሚባል የአገሩ ልጅ አልጋው ላይ እንደተኛ ነው የጠፋው፤ ጠዋት ተነስቶ ሻይ እያፈላ ጠፍተሃል አሉት። ጓደኞቹ ብዙ ጊዜ ስቀውበታል። መፈረሙስ? ገጭቶ ጥሎ የሄደ ሰው መታሰሩ አይቀርም፤ ያ ልጅ ሆስፒታል ውስጥ ነፍሱ ካለፈች ደግሞ እስሩ ማለቂያው የት እንደሆነ ኤፍሬ አያውቅም። ሆሳዕና ያለችው ሚስቱ አይናዲስ ትናንት ማታ ድምፅ ልካለት ነበር፤ ልጃቸው ማራናታ የፊት ጥርሷ ወልቆ «አባቢ» ስትል አየር ያመልጣታል። ጠዋት እንደገና ሊሰማው ከፈተና ሳይጨርሰው ዘጋው። የተንበረከከው ከዚያ በኋላ ነው።

በሩ ተደበደበ። ኤፍሬ አፉን በሁለት እጁ ያዘ። ሲከፍት መሕቡባ ነበረች፤ የሐይቅ ልጅ፣ ወሎዬ፣ በዕድሜ አምስት ዓመት ብትበልጠው ነው፤ ጣቶቿ ሊጥ እንደያዙ ግቢውን ሮጣ አቋርጣ መጥታለች። አልፋው ገባች፤ ፍራሹ ላይ የወደቀውን እጀታ አነሳችና ግድግዳው ላይ ሰቀለችው።

«አንተ ልጅ፣ ጌታህ ጆሮው ይከብደዋል እንዴ?» አለችው ቀና ብላ።

ኤፍሬ እጀታውን አየ። 

«ወጥ ቤቱን ሞልተኸው ነው የጸለይከው! ኡሙሰልማ ደግሞ ቁርሳቸውን ሊበሉ ቁጭ ብለው።»

ኡሙሰልማ የካፊሉና የፋሩቅ እናት ናቸው። ሰባን ያለፉ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው፣ ለሾፌር ከ«ቀኝ» እና «ግራ» ሌላ ብዙ የማያወሩ ሴት።

«አማርኛ ምን ይገባቸዋል?» አለ ኤፍሬ፣ ራሱን ሊያጽናና።

«አማርኛው አልገባቸውም። ፋሩቅ ግን በየትኛውም ቋንቋ ፋሩቅ ነው። ‹ልጄን ምን እያለው ነው?› ብለው ጠየቁኝ።»

«ምን አልሻቸው?»

«‹ሐስቢየላህ ወኒዕመል ወኪል እያለ ነው› አልኳቸዋ። አላህ ይበቃኛል፣ ጉዳዬን ለሱ ሰጥቻለሁ ማለት ነው። ምን ልበል ታዲያ?»

ኤፍሬ ቃሉን ያውቀዋል። አል ባዲያ ገበያ ውስጥ አንድ ጊዜ የተጭበረበረ ሽማግሌ ለባለ ሱቁ ሲለው ሰምቷል፤ ባለ ሱቁ፣ ያ ሁሉ ሲሳደብና ሲፎክር የነበረው ሰው፣ ቃሉ ሲነገረው ልሳኑ ተዘግቶ ነበር። «መሕቡባ፣ ገደልሽኝ» አለ። «እሱን ሲሉት እንደ እርግማን ነው የሚፈሩት። እኔ እኮ ፍረድልኝ ነው ያልኩት። ፍረድባቸው አላልኩም።»

መሕቡባ ሊጡን ከጣቷ ላጠች። «መጀመሪያ ‹ፍረድልኝ› አልክ። ደህና። ከዚያ ‹ፍረድባቸው› አልክ። መጨረሻ ላይ ‹ፋሩቅን ስበረው፣ እግሩን ስበረው› አልክ። ይሄን ነው ለእናቱ የምተረጉመው? እኔ እንዲያውም አለሳልሼልህ ነው።»

ማለቱን አያስታውስም ነበር። አሁን ግን ትዝ አለው፤ መዳፉ ወለሉን የመታበት ቦታ ራሱ ተሰማው።

«ለሳቸው የነገሯቸው አንተ እንደገጨህ ነው» ቀጠለች መሕቡባ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እኔ ትናንት ማን እንደገባ አይቻለሁ፤ ግን አፌን አልከፍትም፤ እኔም ልጆች አሉኝ። ሐስቢየላህ ስላቸው ብርጭቆውን አስቀመጡት። ቀለማቸው ተለወጠ። የተበደለ ሰው ዱዓ ከአላህ የሚጋርደው መጋረጃ እንደሌለው ያውቃሉ። ‹የገጨው እሱ፣ የሚያለቅሰው እሱ?› አሉ። አሁን መኪና አውጣ ብለዋል። ኹበር ከተማ እህታቸው ቤት ትወስዳቸዋለህ።»

«ከማን ጋር?»

«ከአንተ ጋር ብቻ» ብላ ወጣች።

ኤፍሬ ሌላዋን የቤቱን መኪና፣ ካምሪዋን፣ ከማስነሳቱ በፊት ለማቴዎስ ደወለ። ማቴዎስ ኤሌክትሪሺያን ነው፤ አርብ አርብ በአል ባዲያ ባለችው ክፍሉ መጋረጃ ተጋርዶ ሰባት ስምንት ሰው ሲሰበሰብ ቃሉን የሚያካፍለው እሱ ነው። ባለፈው አርብ ስለ ዳዊት ነበር ያስተማረው። ሳኦል ሊገድለው እያሳደደው ሳለ፣ ራሱ ሳኦል ሳያውቅ ዳዊት ወደተደበቀበት ዋሻ ገባ፤ ዳዊት ቢላዋ በእጁ ነበረ፤ የቆረጠው ግን የልብሱን ዘርፍ ብቻ ነው፤ ፍርዱን ለእግዚአብሔር ትቶ ወጣ። አርብ ዕለት ታሪኩ ለኤፍሬ ጣፍጦት ነበር። የሦስት ሪያል ሳንድዊች እየበላ «አሜን» ሲል ነው የሰማው። ዋሻው ውስጥ ሆነው ሲሰሙት ግን አይጣፍጥም።

«ወንድም ኤፍሬ፣ ጌታ ይባረክ» አለ ማቴዎስ፤ ከኋላው የመሰርሰሪያ ድምፅ ይሰማል። ሁሉንም ሲነግረው መሰርሰሪያው ቆመ። «ፈራህ?»

«አዎ ፈርቻለሁ።»

«አንተ አትፍረድ። ፈራጅ አለህ። ሐሰት አትፈርም፣ አትራገምም። እሱ ይዋጋልሃል።» ከዚያ አንድ በር ሲዘጋ ተሰማ። «ኤፍሬ... ያው፣ ምናልባት ቢይዙህ ስልክህን ማየታቸው አይቀርም። የአርቡን ቡድን አጥፋው እሺ? ለራሴ ብቻ አይደለም። እነ እታለም አሉ፣ ልጆች ያሏቸው።»

«እሺ ወንድም ማቴ።»

አጠፋው። ሦስት ዓመት የተጠራቀመ ዝማሬና የጸሎት ድምፅ፣ የሰባት ሰው «ጸልዩልኝ»፣ በአንድ ጣት ጠፋ። አሁን ስልኩ ውስጥ አይናዲስና የካፊሉ ቁጥር ብቻ የቀሩ መሰለው።

ኡሙሰልማ ከኋላ በቀኝ በኩል ተቀመጡ። መንገዱ ነጭ ነበር፤ ሙቀቱ አስፋልቱን እንደ ውሃ ያንቀሳቅሰዋል።  ኤፍሬ በመስታወቱ ሰርቆ ያየው ጣታቸውን ብቻ ነው፤ አውራ ጣታቸው ሌሎቹን ጣቶች በየተራ እየነካ ዱዓ ይቆጥራል። የኤፍሬ ዐረብኛ የዕቃ ዐረብኛ ነበር፤ ሂድ፣ ና፣ ሱቅ፣ ቤንዚን፣ ትምህርት ቤት፣ ስንት ነው። በደል የሚናገርበት ዐረብኛ ማንም አላስተማረውም። እሳቸውም ይህን ስለሚያውቁ ነው መሰል፣ የኹበር ደቡብ ሰፈር፣ አል-ጀኑቢያ፣ ሊገቡ ሲሉ ለሕፃን እንደሚናገር ሰው ቃል በቃል ለያይተው ጠየቁት።

«ኤፍሪ። ፋሩቅ። ምን አደረገህ?»

«ምንም ማማ። ማፊ።»

«ምንም ሳይሆን ሰው እንደዚያ አያለቅስም።»

ያን ጊዜ አንድ ክፉ ሐሳብ መጣለት፤ በግልጽ፣ እንደ መንገድ ዳር ጽሑፍ። እኚህ ሴት ይፈሩታል። አራት ዓመት በር ሲከፍትላቸው የኖረው ሰው፣ ዛሬ አንድ ነገር ቢላቸው ይንቀጠቀጣሉ። አዎ ረግሜዋለሁ፤ ልጅሽ ዓመት አይቆይም፤ ካልፈታችሁኝ እጨምርበታለሁ ቢል ያበቃል። ይህችን ለመናገር የሚበቃ ዐረብኛ ደግሞ አለው። ምላሱ ላይ ደርሳ ነበር። እጁን መሪው ላይ አየው፤ ላቡ መሪውን አርሶታል። ዳዊት ቢላዋውን ይዞ እንዴት እንደተንቀጠቀጠ ማቴዎስ አልተናገረም ነበር።

«ጂምስ» አለ ኤፍሬ። «ጂምስ... እኔ አይደለሁም። ፋሩቅ ነው።»

ከኋላ ጣቶቹ ቆሙ።

«ካፊል ‹ፈርም› አለ። እኔ ሙሩር፣ ከዚያ እስር ቤት። ካልፈረምኩ ሁሩብ።» ሌላ ቃል ፈለገ፤ አጣ። «ማማ፣ ልጅ አለችኝ።»

«ዳር ያዝ» አሉት። አንድ የተዘጋ የልብስ ስፌት ቤት ፊት ለፊት አቆመ። ኡሙሰልማ ወደ ፊት ተጠግተው የወንበሩን ጀርባ ያዙ፤ ትንፋሻቸው ማጅራቱ ላይ ተሰማው። «‹ወላሂ› በል።»

ኤፍሬ ወደ መስታወቱ ቀና አለ። ከልጅነቱ ጀምሮ ሆሳዕና ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተነገረው አንድ ነገር ነው፤ አማኝ አይምልም። አዎ ከሆነ አዎ፣ አይደለም ከሆነ አይደለም፤ ከዚያ ያለፈው ከክፉው ነው። ገበያ ላይ ሰው ሲምል እንኳ ፊቱን ያዞራል። አሁን ደግሞ ዝም ባለ ቁጥር ውሸታም እየመሰለ መሆኑን በመስታወቱ ውስጥ ያሉት ሁለት ዓይኖች ይነግሩታል። አንዲት ቃል ናት። ሁሉም ሰው በቀን መቶ ጊዜ የሚላት ቃል። ለእውነት ቢምል ምን አለበት? ግን ዛሬ ጠዋት ባልተያዘ አፉ ምን እንዳወጣ ያውቃል። ያን አፍ ሁለተኛ ጊዜ ለመክፈት ፈራ።

«ማማ፣ እኛ አንምልም» አለ። «ሃይማኖታችን ነው። ፋሩቅን ያስምሉት።»

ኡሙሰልማ የወንበሩን ጀርባ ለቀቁ። ቀስ ብለው ወደ ኋላ ተደግፈው የተዘጋውን ስፌት ቤት አዩ። የእህታቸው ቤት ከሁለት መንገድ በኋላ ነበር።

«ወደ ሙሩር ዙር» አሉ።

ካፊሉና ፋሩቅ ቀድመው ደርሰው ኤፍሬን ይጠብቁ ነበር። ተራ መጠበቂያው ሰፊ አዳራሽ ነው፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ሰሌዳ ቁጥር ይጠራል፤ ሰው ሁሉ ወረቀት ይዞ ቁጭ ብሏል። ኤፍሬ ኡሙሰልማን ከመኪናው አውርዶ ሁለት እርምጃ ከኋላቸው ተከተላቸው። ካፊሉ እናቱን ሲያይ ከወንበሩ ዘሎ ተነሳ፤ «የማ፣ እናቴ፣ ምን ልታደርጊ መጣሽ?» አለ። እሳቸው አልፈውት ፋሩቅ ፊት ቆሙ። ፋሩቅ ሃያ ዓመቱ ነው። ረመዳን ላይ ሳምቡሳ በወረቀት ጠቅልሎ ለኤፍሬ ክፍሉ ድረስ የሚያመጣለት፣ «ኤፍሪ፣ የአገርህን ዘፈን ክፈትልኝ» እያለ የሚቀልድ ልጅ ነው። ኤፍሬ ጠዋት እግሩን ስበረው ሲል ይህን ልጅ ነበር ያለው።

«‹ወላሂ፣ እኔ አልነዳሁም› በል» አሉት እናቱ።

«የማ፣ እዚህ ቦታ...» አለ ካፊሉ።

«አንተን አልጠየቅኩም። ፋሩቅ፣ ‹ወላሂ› በል።»

ፋሩቅ ጫማውን አየ። ሰሌዳው ሌላ ቁጥር ጠራ፤ ማንም አልተነሳም። ሰው ሁሉ እያየ መሆኑ ለኤፍሬ ታወቀው። ሮጦ ቢወጣ በወደደ፤ በሩ ግን ሩቅ ነበር። ሦስተኛ ጊዜ አልጠየቁትም። ልጁ በእጁ ጀርባ ዓይኑን ጠረገ። ያን ጊዜ ኡሙሰልማ ዞረው ከመስታወቱ ኋላ ለተቀመጠው ወጣት መኮንን፣ አዳራሹ ሁሉ በሚሰማው ድምፅ፣ መኪናውን የነዳው ልጃቸው መሆኑን ተናገሩ። ልክ እንደጨረሱ ወንበር ፈልገው እጃቸውን በአየር ላይ ዘረጉ። ቀድሞ የደረሰላቸው ኤፍሬ ነበር።

መኮንኑ ኤፍሬን ጠርቶ ኢቃማውን ተቀበለው። በእንግሊዝኛ «ዩ ድራይቭ?» አለው።

«ኖ» አለ ኤፍሬ።

መኮንኑ ኢቃማውን መለሰለት። ፋሩቅን በውስጠኛው በር አስገቡት። በሩ ሲዘጋ ኤፍሬ «ተመስገን» ለማለት ፈልጎ አፉ እንቢ አለው። ጠዋት የጠራው ዳኛ እንዲህ ፈጥኖ፣ እንዲህ ቅርብ ይመጣል ብሎ አላሰበም ነበር፤ ሲመጣ ደግሞ ማንን እንደሚይዝ አስቀድሞ አይጠይቅም። ካፊሉ ሲወጣ ትከሻው የኤፍሬን ትከሻ ነካው። ቆም አለና በጆሮው «ቡክራ» አለው። ነገ። ሌላ አልጨመረም።

ኡሙሰልማ መኪናው ውስጥ ከገቡ በኋላ ኤፍሬ ሞተሩን አስነሳ። ከኋላ እያለቀሱ ነው፤ ድምፅ የለውም።

«ላንተ ብዬ አይደለም» አሉት።

«አውቃለሁ ማማ።»

«ለሱ ብዬ ነው። መኮንኑ ያስረዋል፣ ይፈታዋል። የላይኛው ግን...» አልጨረሱትም። አፍንጫቸውን በሶፍት ጠረጉ። «አሁን ይቅር በለው። እኔ እየሰማሁ።»

«ሳመሕት» አለ ኤፍሬ፤ ይቅር ብያለሁ ማለት መሆኑን ያውቃል።

«በዐረብኛ አይደለም። ባለቀስክበት ቋንቋ በለው።»

ኤፍሬ መሪውን በሁለት እጁ ያዘ። በዐረብኛው ቃል ብቻ ነበረች፤ ዕቃ እንደማቀበል። በአማርኛ ግን እያንዳንዷ ፊደል ከሆዱ ተጎትታ ነው የምትወጣው፤ ውሸት ከሆነች ራሱ ይሰማታል። ነገን አሰበ፣ ማራናታን አሰበ፣ የተዘጋውን በር አሰበ። «ፋሩቅን...» አለና ቆመ። ኡሙሰልማ ምንም ሳይገባቸው፣ ትንፋሻቸውን ይዘው፣ የልጃቸው ስም ከዚያ አፍ ሲወጣ አዳመጡ። «ፋሩቅን ይቅር ብዬዋለሁ። ጌታ ሆይ፣ አንተም ተወው።»

«ጨረስክ?»

«ጨረስኩ ማማ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ኤፍሬ ወደ ዋናው መንገድ ሊወጣ መስታወቱን ሲያይ የካፊሉ ጥቁር መኪና መብራቱን አብርቶ ከኋላቸው ቆሟል። ወደ ቀኝ ታጠፈ፤ ጥቁሩ መኪናም ታጠፈ። እግሩ ነዳጁን ሊረግጥ ሲል ኡሙሰልማ እጃቸውን ዘርግተው ትከሻው ላይ አሳረፉት።

«ቀስ ብለህ ንዳ» አሉት።